ጣቃ፣ መቀስና መኪና፤ የታተመ ጨርቅና የልብስ ስፌት በምሥራቅ ጎጃም

በጎጃም ደጋ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት አለባበስ መሠረቱ መደረብ እንጂ መቁረጥ አልነበረም። ከሸማኔው እጅ የወጣው ኩታ፣ ነጠላና ጋቢ መቀስ ሳይነካው በትከሻ ላይ ይጣላል፤ ሲያሻ ያጣፉታል፣ ሲያሻ ያሸርጡታል፣ ሌሊት ደግሞ የብርድ ልብስ ይሆናል። ጨርቅን ዘርግቶ፣ በሰውነት ልክ ለክቶ፣ ቆርጦና ገጣጥሞ መስፋት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ በየገበያው የተስፋፋው የፋብሪካ ጨርቅ ከባሕር ማዶ በብዛት መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ከአማኑኤል እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት ከተሞች በገበያ ቀን በየበረንዳው ተቀምጦ መኪናውን እየረገጠ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ የዚህ ለውጥ ወራሽ ነው። በአፍሪካ ስም የሚጠራው፣ ደማቅ ቀለም የታተመበት ዋክስ ጨርቅ በኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የታወቀው ከሁሉ ዘግይቶ ቢሆንም፣ ታሪኩ ከአቡጀዲው ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

እንደሚታወቀው ሁሉ ጥጥ የቆላ እህል ነው፤ ደጋው አያበቅለውም። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ሰው ጥጡን የሚያገኘው ከዓባይ ሸለቆና ከሌሎች ቆላማ አገሮች በንግድ ነበር። ጥጡ ቤት ከገባ በኋላ ፍሬውን በመዳመጫ መለየት፣ በደጋን መንደፍና በእንዝርት መፍተል የሴቶች ድርሻ ነው። ይህ ሥራ ወጥ ከመሥራት፣ ልጅ ከመያዝና ውኃ ከመቅዳት በተረፈው ሰዓት የሚሠራ በመሆኑ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ለማዘጋጀት ወራት ይፈጃል፤ ጋቢው አራት እጥፍ ነውና። ከዚያ በኋላ ድሩና ማጉ ለሸማኔው ይሰጣል። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። የጨርቁ ስፋት የሚወሰነው በሸማኔው ክንድ ርዝመት ነው። ሰፋ ያለ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይጋጠማል፤ የጥንቱ ስፌት ዋና አገልግሎትም ይኸው ነበር ለማለት ይቻላል።

ሸማኔው ሁሉን ሲያለብስ ክብር ግን አላገኘም። በሰሜኑ ደጋ ሽመና በብዛት የሙስሊሞች ሙያ የሆነበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም፤ ርስት የተነፈገ ሰው የሚኖረው በእጁ ሥራና በንግድ ነው። ገበሬው የሸማኔውን ልብስ ለብሶ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ይሰድበዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብ ክልክል መሆኑን ማስታወቃቸው የስድቡን ሥር የሰደደ መሆን ያስረዳል። አዋጁ ሥራን በመናቅ አገር እንደምትጎዳ የሚገልጽ መሆኑም ሊጠቀስ ይገባዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም።

ስፌትም ቢሆን በዚያ ዘመን ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። እጀ ጠባቡ፣ ሱሪው፣ የመኳንንቱ ካባና ለምድ፣ የካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ሁሉ በመርፌ የሚሰፉ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች በመገረም ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ በኢትዮጵያ መስፋት የወንድ፣ መፍተል የሴት ሥራ መሆኑ ነው፤ በአገራቸው ነገሩ ተገላቢጦሽ ስለነበረ ልማዱ እንግዳ ሆኖባቸዋል። መርፌ የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክህነት ወይም ከቤተ መንግሥት ጋር የተጠጉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህም የጥንቱን ከውጭ የመጣ ጨርቅ ዛሬ ለማየት የሚሻ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ልብስ ሳጥን ሳይሆን ወደ መጻሕፍት ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲደጎስ ሽፋኑ የእንጨት ገበታ ሆኖ በቆዳ ይለበጣል። ከገበታው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቆዳው የማይሸፍነው ባለ አራት ማዕዘን ቦታ ይቀራል። ደጓሹ ይህን ቦታ ባዶ አይተወውም፤ ካገኘው ጨርቅ ሁሉ ያማረውን በልኩ ቆርጦ ይለጥፍበታል። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሽፋን ውስጥ የሕንድ የታተመ ጥጥ፣ የሐር ጨርቅ፣ በወርቀ ዘቦ የተሠራ ጥላ፣ የአውሮፓ ባለ አበባ ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል። ሥዕል ያለበትም ገጽ ቢሆን ሥዕሉ እንዳይፋቅ ከላዩ ቀጭን ጨርቅ በክር ተሰፍቶ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠልበታል። የለበሱት ሰዎች ልብስ አርጅቶ፣ ተቀዶና ተጥሎ ሲጠፋ፣ የመጽሐፉ ብጣሽ ከፀሐይና ከውኃ ተጠብቆ ቀለሙን እንደያዘ ኖሯል። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ሊቃውንት ያፈሩበት ምሥራቅ ጎጃም ከዚህ የመጽሐፍ ባህል ማዕከሎች አንዱ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከታተመ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ለጌጥና ለመያዣ ማዋል፣ ዛሬ ቦርሳና የፀጉር ማሰሪያ ከዋክስ ብጣሽ እንደሚሰፋው ሁሉ፣ በዚህ አገር የቆየ ጥበብ ነው። ልዩነቱ ያኔ ብጣሹ ከሙሉው ጨርቅ ይልቅ የከበረ ስፍራ ማግኘቱ ነው።

እንዲህ ያለው ጨርቅ ወደ ጎጃም የሚገባው በሲራራ ነጋዴ ነበር። በዓባይ ዳር ከዛሬው የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት የኢትዮጵያ ገበያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ግድም ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ በሰፊው ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ የዝባዱ ሽቶና፣ ያለ ሐፍረት ሊነገር ባይችልም፣ ባሪያው ይመጣል፤ ከወዲህ አሞሌ ጨው፣ ሸማና ከምፅዋ በጎንደር በኩል የዘለቀ የባሕር ማዶ ዕቃ ይቀርባል። በዚያን ጊዜ ከውጭ ይገባ ከነበረው ባለ ቀለም ጨርቅ ከፊሉ ለልብስነት አልተፈለገም። ሸማኔው ገዝቶ ይተረትረዋል፤ ክሩን መልሶ ለጥለት ያውለዋል። የአገሩ ፈትል ነጭ ስለሆነና በቤት የሚነከረው ቀለም እየለቀቀ ስላስቸገረ፣ ቀዩንና ሰማያዊውን ክር ከሩቅ አገር ፋብሪካ ጨርቅ ውስጥ ማውጣት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም አገር በቀል የሚባለው ጥለት ራሱ ገና ከጥንቱ በውጭ ጨርቅ የተደገፈ ነበር፤ «የራስ» እና «የባዕድ» የሚለው ክፍፍል በጨርቅ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ከሚታሰበው የቀጠነ ነው።

ሚዛኑን የለወጠው ባለ አበባው ጨርቅ አይደለም፤ ያልነጣው፣ ጌጥ የሌለው፣ ወፍራሙ አቡጀዲ ነው። ይህ ጨርቅ በሰሜን አሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ፋብሪካዎች እየተሠራ ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሴለም ነጋዴዎች መርከብ ወደ ዛንዚባር ይመጣ ጀመር፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ እስከ ዛሬ «መሪካኒ» ይሉታል። ከዚያም በኤደንና በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ሸቀጥ ዋነኛው ይህ የአሜሪካ አቡጀዲ ሆኖ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነርን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልኮ የንግድ ውል የተፈራረመውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። የታላቅ መንግሥት መልእክተኛ በረሃ አቋርጦ የመጣበት ጉዳይ የገበሬ ሸሚዝ የሚሰፋበት ጨርቅ መሆኑ የሚያስፈግግ ቢመስልም፣ ጨርቁ ያኔ በእርግጥ ያን ያህል ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ነበር።

የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጣቃው ዋጋ ረከሰ። እንደ መሐመድአሊ ያሉ የሕንድ የንግድ ቤቶች ጨርቁን በጅምላ እያስመጡ ለአገሬው ነጋዴ በዱቤ ያከፋፍሉ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ጨርቅ በረከሰ ዋጋ አቅርበው አሜሪካኖቹን ከገበያ አስወጡ። ኢትዮጵያና ጃፓን በ1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈራረሙ በኋላ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ በአዲስ አበባ ገበያ የተደረደረው አቡጀዲ በአብዛኛው ከኦሳካ የመጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ተራ ጨርቅ የገባባቸው ቦታዎች ብዛት አስገራሚ ነው። ለሱሪና ለእጀ ጠባብ ሆነ፤ ለድንኳን፣ ለዱቄት ከረጢት፣ ለፍራሽ ሆነ፤ ለሬሳ መግነዣም ሆነ። ሠዓሊዎች የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ለጥፈው በላዩ ይሥላሉና ለቅዱሳን ሥዕልም መደብ ሆነ። ልብስ ለሌለው ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ቀድሞ ወራት የፈጀ ፈትልና የሸማኔ ዋጋ ይጠይቅ የነበረው ልብስ፣ አሁን በክንድ ተለክቶ በገበያ ቀን ተገዝቶ በዚያው ቀን ይለበሳል። የፈታዪቱ ድካም ቀነሰ፤ ከድካሙ ጋር ግን ከፈትል የምታገኘው ገንዘብና በቤቷ ውስጥ የነበራት ድርሻም አብሮ ቀነሰ። ስለ አቡጀዲ የተጻፈው ሁሉ ስለ ሸማኔው ሲያወራ ስለ ፈታዪቱ ዝም ማለቱ ተገቢ አይደለም።

አቡጀዲ ለመደረብ አይመችም፤ ወፍራምና ደረቅ ነው፣ ጥለት የለውም። ሲቆረጥና ሲሰፋ ነው ጠቀሜታው የሚታየው። ስለዚህ ከጣቃው ጋር መቀሱና መኪናው አብረው መጡ። አይዛክ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያወጣበት የስፌት መኪና በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በኢትዮጵያም «ሲንጀር» የሚለው የፋብሪካ ስም የመኪናው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ሙያውን ያስፋፉት በአብዛኛው የሕንድና የአርመን ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ዘንድ ተቀጥረው እጃቸውን የፈቱ ኢትዮጵያውያን ኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ተበተኑ። ራሱን ከብረት እግሩ ነቅሎ በበቅሎ መጫን ስለሚቻል፣ የስፌት መኪና መኪና መንገድ ሳይገባ ወደ ገጠር ከዘለቁት ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ሊሆን ችሏል። የመኪና ልብስ ሰፊ እንደ ሸማኔው ከትውልድ ጋር የተያያዘ መጥፎ ስም አልወረሰም፤ ሙያው አዲስ ነው፣ መሣሪያውም የከተማ ነው። ልብስ የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የተናቀ፣ ሌላው የተከበረ የሆነበት ምክንያት ከዚህ የተለየ ሆኖ አይታይም።

የሙያው ቃላት ራሳቸው የመጣበትን መንገድ ይመሰክራሉ። ጣቃ ከዐረብ ነጋዴ የተወሰደ ነው፤ ሻሽም እንዲሁ። ሸሚዝ የፈረንሳይ ነው፤ በባቡሩ በኩል የገባ ይመስላል። ካልሲ፣ ካፖርት፣ ማሊያ፣ ጓንቲና ቦርሳ የጣሊያን ናቸው። መርፌ፣ ክር፣ ጥልፍ፣ ቅምቅማት፣ ዘርፍ ግን የአገሩ ናቸው። ልብስ ሰፊው አንድ ካፖርት ሰፍቶ ገበር አግብቶ እስኪጨርስ ድረስ የሦስት አራት አገር ቋንቋ ይናገራል ማለት ነው፤ እርሱ ግን የሚናገረው አማርኛ ብቻ መሆኑን አይጠራጠርም።

የጣሊያን ወረራ የንግዱን መሥመር ቢያናጋም፣ ለስፌቱ ሁለት ነገር ትቶ ሄደ። አንደኛው የወታደር ካኪ ነው። ካኪ ጠንካራ፣ እድፍ የሚችልና ለሥራ የሚመች በመሆኑ ከጦርነቱ በኋላ የገበሬው፣ የተማሪውና የዘበኛው ልብስ ሆነ። ሁለተኛው መንገዱ ነው። በወረራው ዘመን የተጀመረው የአዲስ አበባና የደብረ ማርቆስ መንገድ የዓባይን በረሃ አቋርጦ በአማኑኤል በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲዘልቅ፣ ጣቃ በበቅሎ ሳይሆን በጭነት መኪና ይመጣ ጀመር። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ የሚያልፈው ሌላው መሥመር ለረጅም ጊዜ የጠጠር መንገድ ሆኖ ስለቆየ፣ በክረምት ዕቃው መዘግየቱ፣ በዘገየም ቁጥር መወደዱ አልቀረም።

በዚህ ጊዜ ጨርቁ ራሱ በአገር ውስጥ መሠራት ጀምሮ ነበር። በወረራው ዓመታት ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ፋብሪካ ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን አስፋፋ፤ በ1950ዎቹ የአቃቂው የኢትዮ-ሕንድ ፋብሪካ ተጨመረ። ለጎጃም ግን ከሁሉ የበለጠው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የወራሪ ካሣ ጥጥ የሚፈትል ማሽን ሆኖ ጣና ዳር መተከሉ ታሪካዊ ትርጉም አለው። ከዚያ ወዲህ አቡጀዲና ካኪ «የባሕር ማዶ ጨርቅ» መባላቸው ቀርቶ የአገር ፋብሪካ ዕቃ ሆኑ።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጨርቅ የተቀበለው በራሱ ፈቃድ ለውጦ ነው። ከካኪ ወይም ከአረንጓዴ ጨርቅ የሚሰፋው ቁምጣና አብሮት የሚለበሰው ኮት መሰል እጀ ጠባብ፣ ከላዩም በእጅ የተሸመነው ጋቢ፣ የጎጃም ገጠር ሰው ከሩቅ የሚታወቅበት አለባበስ ሆኗል። የተቆረጠውና የተደረበው በአንድ ሰው ላይ ተስማምተው መኖራቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም። የቁምጣው ስፌት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገበሬ ተራራ የሚወጣበትና ሞፈር ይዞ የሚያጎነብስበት ልብስ ስለሆነ በቁርበጡ በኩል ሰፊ፣ በመገጣጠሚያው ድርብ መሆን አለበት። ልብስ ሰፊው ይህን ካላወቀ ልብሱ በመጀመሪያው እርሻ ቀን ይተረተራል፤ ደንበኛውም ለሚቀጥለው ገበያ ይዞት ይመለሳል። የልብስ ሰፊው ዓመት በቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያና በመኸሩ የተከፈለ ነው፤ እህል ሲሸጥ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ በሠርግ ወራት ሌሊት በፋኖስ ይሰፋል፤ በክረምት መኪናው ሥራ ይፈታል።

የ1967 ዓ.ም. ለውጥ ይህን ኑሮ በሁለት በኩል ነካው። በጥር ወር ትላልቆቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሱ። በየካቲት የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስት የነበረውንና ያልነበረውን የለየውን የቆየ ሥርዓት ሻረ፤ ቀድሞ መሬት የተነፈገው ሙስሊምና የእጅ ባለሙያ የመሬት ተጠቃሚ ለመሆን በሕግ ተፈቀደለት። ለሸማኔው ይህ ከምኒልክ አዋጅ የበለጠ ፍሬ ያለው ክብር ነበር። ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች በማኅበር እንዲደራጁ ተደርጎ ክርና ጨርቅ በኮታ ይሰጣቸው ጀመር። የኮታው ነገር እንደ ሌላው ሸቀጥ ሁሉ በወረፋና በእጥረት የታጀበ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት ደግሞ ያልታሰበ ተፎካካሪ መጣ፤ ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ እየታሰረ በየገበያው ተዘረጋ። የልባሽ ሸሚዝ ዋጋ ከስፌት ዋጋ በታች ሲሆን ልብስ ሰፊው አዲስ ከመስፋት ይልቅ ማጥበብ፣ ማሳጠርና መጠገን ዋና ሥራው ሆነ።

የታተመው የአፍሪካ ጨርቅ ወደ ኢትዮጵያ ገበያ በጉልህ የመጣው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። አመጣጡ ረጅም ነው። የጃቫ ሰዎች በጨርቅ ላይ በቀለጠ ሰም ቅርጽ እየሣሉ፣ ሰም ያልነካውን ቦታ በቀለም እየነከሩ ባቲክ የተባለውን ጨርቅ ይሠሩ ነበር። ቅኝ ገዥዎቹ ሆላንዶች ይህን በማሽን አስመስለው ሠርተው ለጃቫ ሰዎች ለራሳቸው ሊሸጡ አሰቡ። ፒተር ፈንተነር ፋን ቭሊሲንገን እ.ኤ.አ. በ1846 በሄልሞንድ ያቋቋመው፣ ኋላ ቭሊስኮ የተባለው ፋብሪካ ከእነዚህ አንዱ ነው። በሀርለምም በጨርቁ ሁለት ገጽ ላይ ሙጫ የሚያትም ማሽን ተሠራ። ሙጫው ግን ሲደርቅ እየተሰነጠቀ፣ ቀለሙ በስንጥቁ እየሰረገ ቀጫጭን መሥመሮች ይተው ነበር። ጃቫዎች ይህን ጉድለት ነው ብለው ናቁት። የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ግን ሁለት ክንድ ጨርቅ አንድ ዓይነት የማይሆንበትን ይህን ስንጥቅ ወደዱት። ስኮትላንዳዊው ነጋዴ ብራውን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ጨርቁን ወደ ጎልድ ኮስት ያስገባ ጀመር። ለአንዱ ገበያ ጉድለት የነበረው ለሌላው ማማለያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጨርቁን አፍሪካዊ ያደረጉት አታሚዎቹ ሳይሆኑ ሻጮቹና ለባሾቹ ናቸው። ለየሥዕሉ ስም የሰጡት፣ የትኛው ለኀዘን፣ የትኛው ለሠርግ እንደሚሆን የወሰኑት የገበያ ሴቶች ናቸው። በሎሜ ከተማ የሆላንድን ጨርቅ በጅምላ እየገዙ ያከፋፍሉ የነበሩት ነጋዴ ሴቶች ከትርፋቸው በገዙት መርሴዲስ ምክንያት «ናና ቤንዝ» ተባሉ። በምሥራቅ አፍሪካም ካንጋ የተባለው ጨርቅ በጠርዙ ላይ በስዋሂሊ ተረትና ምሳሌ እየታተመበት ለባሿ በአፏ የማትናገረውን በልብሷ የምትናገርበት ሆነ፤ ቅኔ ለለመደ የጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ቻይና የሆላንዱን ሥዕል አስመስላ በርካሽ እያተመች ስትልክ፣ የናና ቤንዞቹ ንግድ ተዳከመ። አስመሳዩ ሆላንድ በተራው አስመሳይ መጣበት።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ዳር ላይ የቆመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የራሷ ነጭ ሸማና ጥለት ስለነበራት፣ ደማቅ የታተመ ጨርቅ ለበዓል ልብስነት አላስፈለጋትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች በዋክስ ቀሚስ፣ ጉርድ፣ ሸሚዝ፣ ቦርሳና የራስ ማሰሪያ መስፋት ተለምዷል። ለዚህ ጨርቅ አዲስ የሆነ ልብስ ሰፊ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እውነተኛው ዋክስ ከፊቱም ከጀርባውም ቀለሙ እኩል ነው፤ ጀርባው የገረጣ ከሆነ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ ርካሽ ጨርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወይም በዐሥራ ሁለት ያርድ ተቆርጦ ስለሚሸጥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስንት ልብስ እንደሚወጣው ማሰብ ይገባል። ጥጥ ስለሆነ ሊሸበሸብ ይችላል፤ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መተኮስ አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ሥዕሉ ነው። ትልቅ ክብ ወይም ወፍ ያለበት ጨርቅ ለአቡጀዲ በሚሆን አቆራረጥ ቢቆረጥ ወፉ አንገቱ በአንዱ ጎን፣ እግሩ በሌላው ጎን ይቀራል። ጨርቅ ለመቆጠብ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ጨርቅ ማባከን ግድ ይሆንበታል፤ የተረፈው ብጣሽ ቦርሳና የፀጉር ማሰሪያ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከባዱ ጉዳይ ግን የዋክስ መምጣት ሳይሆን የኅትመት ማሽኑ ራሱ ወደ ጥለቱ መዞሩ ነው። ሸማኔው ቀናት ፈጅቶ በክር ቆጥሮ የሚያወጣው ጥበብ፣ በባሕር ማዶ ፋብሪካ ፎቶግራፉ ተነሥቶ በቀላል ጨርቅ ላይ በደቂቃዎች ታትሞ፣ «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ በአገራችን ገበያ እየተሸጠ ነው። በዋጋው ርካሽነት ምክንያት የእጅ ሥራውን ጥበብ ቀሚስ ልትገዛ የማትችል ሴት ለበዓል የምትለብሰው አግኝታለች፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም፤ አቡጀዲም በጊዜው ያደረገው ይህንኑ ነበርና። ነገር ግን አቡጀዲ አቡጀዲ ተብሎ ነበር የተሸጠው፤ በሸማኔው ስም አልገባም። ጃቫዎች ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት አይተውታል። የሆላንድ ኅትመት በ19ኛው መቶ ዘመን ገበያቸውን ሲያስጨንቅ፣ የመዳብ ማኅተም ሠርተው ሰሙን በእጅ ከመሣል ይልቅ እያተሙ ዋጋቸውን ቀነሱ፤ ዋናውን በእጅ የሚሣለውን ደግሞ ለሚያውቅ ገዥ ለይተው አቆዩት። ጋና ሌላ መንገድ መረጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ የኬንቴ ቅርጾችን በሕዝብ ቅርስነት አስጠበቀች። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለንድፍ ጥበቃ አዲስነትን ስለሚጠይቅ፣ ከአባት ለልጅ የወረደ ጥለት በዚህ በኩል መጠለያ አያገኝም፤ አንድ ሸማኔ ትናንት ያወጣው አዲስ ጥለት ግን ሊያገኝ ይችላል።

በዚህ መካከል ልብስ ሰፊው ሁለቱን ጨርቆች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል። የፋብሪካ ጨርቅ ቆርጦ በአንገቱ፣ በእጅጌውና በዘርፉ ላይ ከሸማኔው በክንድ የገዛውን የእጅ ሥራ ጥለት ይለጥፋል። ሸማኔው ሙሉ ቀሚስ መሸጥ ባይችል እንኳ ጥለቱን ብቻ እየሸመነ ይሸጣል፤ ልብስ ለባሿም ከታተመው የረከሰ ባይሆንም ከሙሉው የሚቀል ዋጋ ትከፍላለች። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ የፋብሪካው ጨርቅ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ጥለቱ ከመሰፋቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ፣ በጥላ ደርቆ፣ ሳይወጠር ልል ተደርጎ ይሰፋል፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ዘርፉ ተሸብሽቦ ቀሚሱ ወደ ልብስ ሰፊው ይመለሳል።